የድምፅ አልባ ዘመን ኮሜዲ፦ ቀልዱን ከመመዘናችሁ በፊት ቅጂውን መርምሩ

ፍሬም በፍሬም፦

ስለ ድምፅ አልባው ፊልም ኮሜዲያን ስለ ቻርሊ ቻፕሊን፣ ስለ በስተር ኪተንና ስለ ሃሮልድ ሎይድ በተጻፈ ቁጥር «ሰዎቹ ዝም ብለው ይቅለበለባሉ፤ አያስቅም፤ ዘመኑ አልፎበታል» የሚል አስተያየት ከሥር አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም፤ የታየው ቅጂ ነው የተበላሸው። ስለዚህ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ፊልም ከመፍረዳችን በፊት ምን ምን ማየት እንዳለብን እንድናሰባስብ ነው። እኔ በፍጥነት ልጀምር፤ የምታውቁትን ጨምሩበት። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ።

ድምፅ ከመጣ በኋላ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዲሄድ ሆነ። ከዚያ በፊት ካሜራው የሚዞረው በእጅ ስለነበር ከ16 እስከ 24 ባለው መካከል ይለዋወጣል። በ18 የተቀረጸ ፊልም በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው ሁሉ በሲሶ ይፈጥናል። በዩቲዩብ ከተጫኑት አሮጌ ቅጂዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

የ35 ሚሊሜትር ፊልም በአንድ ጫማ ርዝመት 16 ፍሬም ይይዛል። 1,000 ጫማ የሆነ አንድ ሙሉ ጥቅል በ16 ሲሄድ 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ በ20 ሲሄድ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ በ24 ሲሄድ 11 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የፊልሙን ርዝመት በጫማ ካገኛችሁ ለ24 በ90፣ ለ20 በ75፣ ለ16 በ60 አካፍሉት፤ የሚወጣው የደቂቃው ቁጥር ነው። ከያዛችሁት ቪዲዮ ርዝመት ጋር አስተያዩት። በጣም ካጠረ ወይ ፈጥኗል፣ ወይ ተቆርጧል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም የግራውን ማዕዘናዊ ቅንፍ ([) ስትጫኑ ፍጥነቱ በ0.1 ይቀንሳል። 18 ለሚገባው 0.75፣ 20 ለሚገባው 0.83፣ 22 ለሚገባው 0.92 ነው ልኩ። ዩቲዩብም 0.75 አለው፤ በ0.05 እያስተካከላችሁ መሄድም ትችላላችሁ።

ባለ ሁለት ጥቅል፦

ጥሩ ጅማሮ ነው፤ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመርበት። «እንቅስቃሴውን ተፈጥሯዊ እናድርገው» ብሎ ሁሉንም ማዝገም ኮሜዲውን ይገድለዋል። ካሜራማኖቹ በሩጫና በድብድብ ትዕይንት ላይ እጀታውን ሆን ብለው ቀስ አድርገው ያዞሩ ነበር፤ በሸራው ላይ ሲታይ እንዲፈጥን። አንዱ ፊልም ውስጥ የምሳ ጠረጴዛው በአንድ ፍጥነት፣ ማሳደዱ በሌላ ፍጥነት ተቀርጾ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ልኩን የምትወስዱት ከረጋው ትዕይንት ነው፤ ሰው ተቀምጦ ከሚያወራበት፣ ከኋላ የማይተውኑ መንገደኞች ከሚያልፉበት። አንዴ ከወሰናችሁ በኋላ እስከ መጨረሻው አትንኩት። በየትዕይንቱ የሚያስተካክል ሰው የካሜራማኑን ሥራ እያፈረሰ ነው።

በእጅ ይዞር ነበር ማለት በግምት ይዞር ነበር ማለትም አይደለም። በ1921 በወጣው «ዘ ፕሌይሃውስ» ዘጠኝ ኪተኖች በአንድ መድረክ ላይ አብረው ይታያሉ። ካሜራማኑ ኤልጂን ሌስሊ ሌንሱን ከፋፍሎ ሸፍኖ አንዱን ክፍል ብቻ እየከፈተ ይቀርጽና ፊልሙን ወደ ኋላ አጠንጥኖ ቀጣዩን ይቀርጽ ነበር። እጀታው በአንዱ ዙር ላይ ትንሽ ቢዘገይ ወይም ቢፈጥን እንቅስቃሴያቸው ሁሉ ይዛነፋል። አልተዛነፈም።

ፍጥነቱን በዓይን ብቻ መገመት ያቃተው ደግሞ የመሬት ስበትን ይጠቀም፤ እሱ አይዋሽም። ከ3 ሜትር የሚወድቅ ነገር መሬት እስኪነካ 0.78 ሰከንድ ይፈጅበታል። በቪኤልሲ የ«ኢ»ን (E) ቁልፍ እየተጫናችሁ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። 12 ወይም 13 ከሆነ የተቀረጸው በ16 አካባቢ ነው፣ 16 ከሆነ በ20፣ 19 ከሆነ በ24። ወደ ላይ ዘሎ የወደቀን ሰው ግን አትቁጠሩ፤ የዝላዩ ጊዜ ልኩን ያዛባል። ተለቆ የወደቀ ዕቃ ይሻላል፤ ከፍታውንም አጠገቡ ከቆመ ሰው ቁመት ገምቱ።

የመጨረሻ ወንበር፦

@ባለ ሁለት ጥቅል፣ በዚህ ቆጠራ የሚገኘው የተቀረጸበት ፍጥነት ነው፤ ሊታይበት የታሰበው ፍጥነት አይደለም። የሲኒማ ቤት ኦፕሬተሮች ከተቀረጸበት ፈጠን አድርገው ያሳዩ ነበር፤ ፊልም ሠሪዎቹም ይህን እያወቁ ነው የሚቀርጹት። በ18 መቀረጹን ብታረጋግጡ እንኳ በ20 ወይም በ21 ማየቱ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ባለ ሁለት ጥቅል፦

ትክክል ነህ ወንድሜ፤ ስለዚህም ነው ቆጠራውን ወለል አድርጎ መውሰድ የሚሻለው፤ ከዚያ በታች አትውረዱ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ስትቆጥሩ ከየሦስቱ ፍሬም አንዱ ሁለት ጊዜ የሚታይ ከሆነ ቪዲዮውን ያዘጋጀው ሰው ፍጥነቱን ከ18 ወደ 24 ቀድሞ አስተካክሎታል ማለት ነው። የተደገመውን አትቁጠሩት፤ ፍጥነቱንም ዳግመኛ አትቀንሱ። ከ1926 ወዲህ የወጡት ደግሞ አብዛኞቹ ወደ 24 የተጠጉ ስለሆኑ በኮሜዲ ጥንዶቹ በሎሬልና ሃርዲ ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ ይህ ሁሉ ልፋት እምብዛም አያስፈልግም።

ሰሎሜ ዘሲኒማ፦

ስለ ፍጥነት ብዙ ተባለ፤ የምስሉ ጠርዝ ግን ተረሳ። ለእኔ ከፍጥነቱ እኩል የሚያበላሸው እሱ ነው።

የድምፅ አልባው ፊልም ምስል ወርዱ ከቁመቱ 1.33 እጥፍ ነው። ድምፅ ሲመጣ የድምፁ መስመር የታተመው በምስሉ ግራ ጠርዝ ላይ ነው። የቆየ ፊልም በድምፅ ዘመን ማሽን ሲገለበጥ ታዲያ የግራው ጠርዝ ተቆርጦ ይቀራል። ምልክቱን በትዕይንቶቹ መካከል በሚገቡት የጽሑፍ ካርዶች ላይ ታገኙታላችሁ፤ ጽሑፉ መሀል ላይ ካልሆነና ወደ ግራ ከተጠጋ፣ ወይም የመጀመሪያው ፊደል ከተነካ፣ ምስሉም ተቆርጧል። በዚህ ላይ አንዳንዱ ጫኝ ሰፊውን ቴሌቪዥን ለመሙላት ከላይና ከታች ይቆርጠዋል። ያኔ ባርኔጣና እግር ይጠፋል። በእግሩ የሚያስቅን ሰው ያለ እግሩ አይተን ምን ልንፈርድ ነው?

የኪተን «ዋን ዊክ» (1920) መጨረሻ ላይ ያለውን ተመልከቱ። ባልና ሚስቱ ተገጣጣሚ ቤታቸውን እየጎተቱ ሳለ ሐዲድ ላይ ይቆምባቸዋል። ባቡር ይመጣል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ፣ ባቡሩ በጎን ባለው ሐዲድ ያልፋል። ገና እፎይ ሲሉ ከሌላው አቅጣጫ ሌላ ባቡር መጥቶ ቤቱን ያደቀዋል። ሁለተኛውን ሐዲድ አስቀድመን እንዳንለየው ያደረገን የካሜራው አቀማመጥ ነው፤ ሁለተኛው ባቡር የሚገባውም ከጠርዝ ነው። ጠርዙ የተቆረጠበት ቅጂ ቀልዱን ያለጊዜው ያመጣዋል፣ ወይም ሰዓቱን ያዛንፈዋል።

ቴሌቪዥናችሁንም አስተካክሉ። የምስሉ መጠን 4 በ3 ይሁን፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ቢቀር ልክ ነው። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፉት፤ ሳምሰንግ ላይ ኦቶ ሞሽን ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው ይባላል። በኮምፒውተር ቀለም የተቀቡትንና ወደ 60 ፍሬም የተነፉትንም ለግምገማ አትጠቀሙባቸው። በሁለት ፍሬም መካከል ያልነበረ ፍሬም ፈጥረው ስለሚያስገቡ የኪተን ዓይን መዞር፣ የቻፕሊን ጣት መወርወር ይለዝባል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የሚያስቁት በዚያች ቅጽበት ነው።

ጋሽ መብራቱ፦

ልጆች፣ ጥሩ ይዛችኋል። እኔ ስለ ልዩ ልዩ ዕትሞች ልበል።

«የወርቅ ጥድፊያ»ን (ዘ ጎልድ ራሽ) አየሁ የሚል ሰው ሁሉ አንድ ፊልም አላየም። ቻፕሊን በ1925 ያወጣው ወደ 95 ደቂቃ ይሄዳል። በ1942 እንደገና ሲያወጣው የጽሑፍ ካርዶቹን አውጥቶ በራሱ ድምፅ ተረከበት፣ ሙዚቃ ጨመረ፣ ወደ 72 ደቂቃም አሳጠረው። ለውጡ በርዝመት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ቻርሊ የሚወዳት ጆርጂያ የይቅርታ ደብዳቤ የጻፈችው ለወዳጇ ለጃክ ነው፤ ጃክ ነው ለማሾፍ ወደ ቻርሊ ያስተላለፈው። በሁለተኛው ደብዳቤው በቀጥታ ለቻርሊ የተጻፈ ሆነ። ስለዚህ የቻርሊ ደስታ በአንዱ ምስኪን ስህተት፣ በሌላው እውነተኛ ደስታ ነው። የመጨረሻው መሳሳምም በ1942ቱ የለም። የ1925ቱን የፊልም ታሪክ አጥኚዎቹ ኬቨን ብራውንሎውና ዴቪድ ጊል በ1993 መልሰው አሰባስበውታል፤ ፍለጋችሁ እሱን ይሁን።

«ዘ ኪድ»ም እንዲሁ ነው። የ1921ዱ ወደ 68 ደቂቃ ሲሆን ቻፕሊን በእርጅናው ቆርጦ ሙዚቃ የሠራለት ወደ 53 ደቂቃ ነው። የወጡት በአብዛኛው የእናትዮዋ ትዕይንቶች ናቸው።

ሌላም አለ። በዚያ ዘመን ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ቆመው ይቀርጹ ነበር፤ አንዱ ኔጋቲቭ ለአሜሪካ፣ ሌላው ለውጭ ገበያ። አልፎ አልፎም ለሁለተኛው የሚሰጠው የተጣለው ቀረጻ ነበር። ሁለት ቅጂ አስተያይታችሁ የተዋናዩ እጅ በተለያየ ቦታ ካገኛችሁት አትገረሙ።

ሌሊቱ እንደ ቀን ቢበራባችሁም ዳይሬክተሩን አትውቀሱ። የሌሊት ትዕይንት በፀሐይ ይቀረጽና ፊልሙ ሰማያዊ ቀለም ይነከር ነበር፤ ቤት ውስጥ ሲሆን ወደ ቢጫ፣ እሳት ሲሆን ቀይ። በጥቁርና ነጭ ሲገለበጥ ቀለሙ ጠፋ።

የመጨረሻ ወንበር፦

ጋሼ፣ እርስዎን መቃወም ይከብዳል፤ ግን የ1942ቱን ያዘጋጀው ራሱ ባለቤቱ ነው። ቻፕሊን ዋናው ይህ ነው ካለ እኛ የ1925ቱን የምናስቀድምበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጋሽ መብራቱ፦

ጥያቄህ ተገቢ ነው ልጄ። ባለቤቱ ሁለቱንም ሠርቷል፤ የሁለቱም ባለቤት ነው። እኛ ግን እየመዘንን ያለነው የድምፅ አልባ ኮሜዲን ነው። በ1942ቱ ድምፁ ቻርሊ ምን እንደሚሰማው ይነግረናል፤ ፊቱ አስቀድሞ የነገረንን ማለት ነው። ጫማውን ቀቅለው የሚበሉበትን ተመልከት። ሚስማሩን እንደ አጥንት ይጠባል፣ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ ይጠቀልላል። እዚያ ላይ የሚጨመር ቃል የለም። የ1942ቱን እንደ ሁለተኛ ሥራ እየው እንጂ ለዚህ ዘመን ምስክር አታድርገው።

ፍሬም በፍሬም፦

ጋሽ መብራቱ፣ እናመሰግናለን። እንግዲህ ቅጂው ተስተካከለ እንበል። ቀልዱን በምን እንመዝን?

እኔ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ያህሉ በአንድ ቀረጻ ውስጥ ሳይቆረጥ ታየ የሚል ነው። «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» (1928) ላይ የቤቱ ፊት ሙሉውን ኪተን ላይ ይወድቃል፤ የላይኛው መስኮት ክፍተት በቆመበት ላይ ስላረፈ ብቻ ይተርፋል። ካሜራው ራቅ ብሎ ቤቱንም ሰውየውንም አንድ ላይ ያሳየናል። ቢቆረጥ ኖሮ ተንኮል ነው ብለን እናልፈው ነበር። ቀልዱ ደግሞ በአንድ ቀን አልተወለደም። በ1919 ከኮሜዲያኑ ከአርባክል ጋር በሠራው «ባክ ስቴጅ» መድረክ ላይ በቆመ የቤት ማስመሰያ፣ በ1920 በ«ዋን ዊክ» በቤት ግድግዳ ሞክሮታል፤ በ1928 ክብደቱም አደጋውም ጨመረ። ሦስቱን በተከታታይ ማየት አንድ ቀልድ እንዴት እንደሚያድግ ያስተምራል።

ሁለተኛው፣ ቀልዱ ታሪኩን ይገፋል ወይስ ያቆመዋል የሚለው ነው። «ዘ ጄኔራል» (1926) በዚህ የሚበልጠው የለም። ኪተን የተሰረቀበትን ባቡር ወደ ሰሜን ሲያሳድድ ያየናቸው እንቅፋቶች በመመለሻው ተገልብጠው ይመጣሉ፤ ያኔ የተሰናከለባቸውን አሁን እሱ ለጠላቶቹ ይጠቀምባቸዋል። በባቡሩ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ አንዱን የእንጨት አግዳሚ ሐዲዱ ላይ ባለው በሌላው ጫፍ ላይ ወርውሮ ሁለቱንም የሚያስወግድበትን ደግማችሁ እዩት፤ ሒሳብ ነው። በኦሬገን ኮቴጅ ግሮቭ አጠገብ እውነተኛ ባቡር ከእነ ድልድዩ ወንዝ የገባበት ትዕይንት ዝነኛ ነው፤ የሚያስቀው ግን ባቡሩ አይደለም። «እለፍ» ብሎ ያዘዘው መኮንን ፊት ነው። (ጀግናው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቦቹ ወገን መሆኑን ፊልሙ እንደ ተራ ነገር ያልፈዋል። እኛ ማለፍ የለብንም፤ ያ ወገን ባርነትን ለማስቀጠል እንደተዋጋ እናውቃለን።)

ባለ ሁለት ጥቅል፦

በአንድ ቀረጻ መለኪያህ ሎይድ ይወድቃል ማለት ነው? «ሴፍቲ ላስት» (1923) ሕንጻ መውጣቱ የተቀረጸው በቁርጥራጭ ነው። ከፍታቸው በተለያዩ ሕንጻዎች ጣሪያ ላይ የግድግዳ ክፍል ተሠርቶ፣ ከሥሩ ፍራሽ የተነጠፈበት መድረክ ተዘርግቶ፣ ካሜራው መድረኩን ትቶ መንገዱን እንዲያሳይ ሆኖ ተተክሎ ነው። ከሩቅ የሚታየውን አወጣጥ የሠራው ቢል ስትሮዘር ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ጓደኛውን ሆኖ የሚተውነው።

ሰሎሜ ዘሲኒማ፦

አይወድቅም። መለኪያው ቀልዱ ከሚፈልገው ነው የሚነሣው። ኪተን እንድናምነው ይፈልጋል፤ ሎይድ እንድንፈራለት። ፍርሃቱ የሚመጣው ከእንቅፋቶቹ ቅደም ተከተል ነው፦ እርግቦቹ፣ መረቡ፣ ሰዓቱ፣ ሱሪ ውስጥ የገባችው አይጥ። አንዱ ሲፈታ ቀጣዩ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። ያ መንገድ ከኋላ ሥዕል አይደለም፤ እውነተኛ የሎስ አንጀለስ መንገድ ነው። ሰውየው ደግሞ በ1919 በፈነዳ ቦምብ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት አጥቶ ጓንት እያጠለቀ ነው የሚተውነው። የመጀመሪያውን ትዕይንትም አትለፉት፤ የብረት ፍርግርግ፣ የሚንጠለጠል ገመድ፣ የምታለቅስ እናት እናይና የሞት ፍርድ ይመስለናል፤ ካሜራው ሲቀየር ባቡር ጣቢያ ነው።

ለቻፕሊን ደግሞ ሌላ ልክ አለ። «ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ፊልም አሠራር አያውቅም» ይባላል። ካሜራው የቆመው አካሉ ከእግር እስከ ራሱ እንዲታይ ነው። «ሲቲ ላይትስ» (1931) ላይ ማየት የተሳናት አበባ ሻጭ ቻርሊን ሀብታም ነው ብላ የምትሳሳትበትን መንገድ ለማግኘት ቻፕሊን ትዕይንቱን 342 ጊዜ እንደቀረጸው ይነገራል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ይታያል፦ መንገድ ለማቋረጥ በቆመ መኪና ውስጥ አልፎ ይወጣል፣ እሷ የበሩን መዘጋት ትሰማለች። በዓይን ብቻ የታየ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለውን ለመመዘን የካሜራ እንቅስቃሴ መቁጠር ምንም አይጠቅምም።

የሎሬልና ሃርዲን «ቢግ ቢዝነስ» (1929) የምታዩ ደግሞ ዝግታውን መዝኑ። አንዱ የሌላውን ቤት ሲሰብር ሌላው ቆሞ ያያል፤ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ሳቁ ያለው ጥበቃው ውስጥ ነው።

የመጨረሻ ወንበር፦

ሙዚቃን ማንም አላነሣም። ነጻ ቅጂዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ጋር የማይገናኝ የፒያኖ ቅንብር እየተደጋገመ ይለጠፋል፤ ሐዘንም ሩጫም በአንድ ዜማ ያልፋል። አምስት ደቂቃ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ያለ ሙዚቃው የተሻለ ካሳቃችሁ ሙዚቃው ጠላት ነው። ጥሩ አጃቢ እያንዳንዱን አወዳደቅ በከበሮ አይመታም፤ ሰውየው ከመውደቁ በፊት ዝም ማለትን ያውቃል። ካርል ዴቪስ ለ«ዘ ጄኔራል» የሠራውን ስሙ።

«ሲቲ ላይትስ»ንና «ሞደርን ታይምስ»ን (1936) ግን በፍጹም ድምፅ አጥፍታችሁ አትዩ። ቻፕሊን ራሱ ያቀነባበረው ድምፅ አብሯቸው አለ። ፊሽካ ውጦ ስቅ ባለው ቁጥር የሚያፏጭበት ቀልድ ያለ ድምፅ ባዶ ነው። ፍጥነታቸውም 24 ነው፤ አትንኩት።

ሐረግ፦

ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። እንግሊዝኛ ለማያነቡ ሕፃናትና ትልልቅ ሰዎች በጋራ ስናሳይ የጽሑፍ ካርዶቹን ምን ማድረግ ይሻላል? የትኞቹስ ይጀመሩ?

ፍሬም በፍሬም፦

አንድ ሰው ካርዱ ሲመጣ በአማርኛ ጮክ ብሎ ይበል። ሙሉውን ማንበብ አያስፈልግም፤ ስምና ምክንያት ብቻ ይበቃል፦ «ሳጥኖቹን ቁጥራቸውን የቀየረባቸው ተቀናቃኙ ነው» ብሎ ማለፍ። አንባቢው ፊልሙን አስቀድሞ አይቶ በአንድ ወረቀት ላይ ካርዶቹን በተራ ይጻፋቸው፤ በቦታው መተርጎም ከጀመረ ይዘገይና ቀጣዩን ቀልድ ይሸፍናል። ካርዱ ላይ ቪዲዮውን ማቆም አይመከርም፤ ሪትሙ ይሰበራል። ተዋናዩ ተመልሶ ሲታይ አንባቢው ዝም ይበል፤ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም።

ለመጀመሪያ ከአንድ ሰዓት ብዙም አትለፉ። ባለ ሁለት ጥቅል በሆኑ አጫጭር ፊልሞች ጀምሩ፦ የቻፕሊን «ዘ ሪንክ» (1916) እና «ዘ ኢሚግራንት» (1917)፣ ከዚያ «ዋን ዊክ»። «ዘ ኢሚግራንት» ላይ የመርከቡ መናወጥና የሳንቲሙ ትዕይንት ምንም ካርድ አይፈልጉም።

ሰሎሜ ዘሲኒማ፦

ሐረግ እህቴ፣ ከማሳየትሽ በፊት ሁሉንም ራስሽ እዪ። በዘመኑ ነጭ ተዋናይ ፊቱን ጥቁር ቀብቶ በጥቁሮች ማላገጥ የተለመደ ነበር። ኪተን «ዘ ፕሌይሃውስ»፣ «ሰቨን ቻንስስ» (1925) እና «ኮሌጅ» (1927) ላይ አለበት። ባለ ሙያነቱ ይህን አያጥበውም። ለአዋቂ እያስረዱ ማሳየት ይቻላል፤ ለሕፃናት ምሽት ግን «ሸርሎክ ጁኒየር» (1924) ይሻላል፤ 45 ደቂቃ ገደማ ነው። ሕልም እያየ ወደ ሸራው ውስጥ ሲገባ ከሥሩ ቦታው በቅጽበት የሚለዋወጥበትን ሕፃናት ወዲያው ይረዱታል። በየቦታው ያው አቋም ላይ እንዲገኝ ከካሜራው ያለውን ርቀት በቅየሳ መሣሪያ እየለኩ ነው የሠሩት።

ባለ ሁለት ጥቅል፦

ቅጂ የምትፈልጉ፦ በአሜሪካ ሕግ እስከ 1929 የወጡት የቅጂ መብታቸው አልፏል፤ ለዚህ ነው ማንም ያገኘውን የሚጭነው። የታደሱትን የሎብስተር ፊልምስን፣ የኪኖን፣ የክራይቴሪየንን ወይም የቦሎኛውን ሲኒማ ማኅደር ስም ያላቸውን አስቀድሙ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሰፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካኖፒ በተባለው የፊልም ማሳያ ድረ ገጽ የሚያሳይ መሆኑን ጠይቁ፤ በቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለ ክፍያ ይከፈታል። የታደሰ መሆኑን ለማረጋገጥ ፊቶቹን ተጠግታችሁ እዩ። ጭረቱ ጠፍቶ የቆዳው ሸካራነት ካለ ጥሩ ነው፤ ፊቱ እንደ ሰም ከለሰለሰ በማጽዳት ብዛት ተበላሽቷል፤ ያኔ ጭረት ያለበት የተሻለ ነው።